በማጀት የተማረከ ታንክ

ሰው አዲስ ዕቃ የሚገዛው አዲስነቱን ወዶ ነው። አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው ዝናብ ሲይዘው ጫማውን አውልቆ፣ በብብቱ ሸጉጦ፣ በባዶ እግሩ ይሮጣል። አዲስ ሶፋ ያስገባ ቤተሰብ ላስቲኩን ሳይገፍፍ ዓመት ይቀመጥበታል፤ እንግዳ ብድግ ባለ ቁጥር ሶፋው አብሮ ያቃስታል። አዲስ መኪና የገዛውንማ አታንሱት፤ ቅዳሜ ጠዋት ከልጆቹ በፊት የሚታጠበው እሱ ነው።

የታንክ ሞዴል ሠሪ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ንጹሕ፣ ያልተነካ፣ የፋብሪካ ሽታው ያልለቀቀው ፕላስቲክ ከኪሱ ከፍሎ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ወራቱን የሚፈጀው ያንን ዕቃ በማቆሸሽ፣ በመጫር፣ በማዛግና ጭቃ በመለጠፍ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የባቲላሜራ ባለሙያ ስቱኮ ለጥፎ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ አንቲሩጂን ቀብቶ የዝገትን ድራሽ ሲያጠፋ፣ እኔ ቨርጂንያ ምድር ቤት ውስጥ አጎንብሼ፣ መነጽር በመነጽር ላይ ደርቤ፣ በቀጭን ብሩሽ ዝገት እዘራለሁ። ሁለታችን አንድ ቀን ብንገናኝ እሱ እኔን ይዞ የሚሄደው ወደ ጸበል ይመስለኛል።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የታንክ ሞዴል በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። ውስጡ ሲከፈት ታንክ የለም፤ ያለው በፕላስቲክ ክፈፍ ላይ የተንጠለጠለ በመቶዎች የሚቆጠር ቁርጥራጭ ነው። እሱን እየቆረጡ፣ እየሞረዱ፣ በሙጫ እያጣበቁ ታንክ ያደርጉታል። ታንኩ ካለቀ በኋላ ብቻውን ማቆም ነውር ነው። መሬት ይሠራለታል፤ መንገድ፣ ድልድይ፣ የፈረሰ ቤት፣ ዛፍ፣ ሰው ይጨመርለታል። ታንኩ ቦታና ታሪክ ሲያገኝ ዲዮራማ ይባላል። ዲዮራማው ደግሞ ሳሎን ውስጥ በመስታወት ይቀመጣልና እንግዳ ይጠይቃል። የልጆቹ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ይነዳል?»

«አይነዳም።»

«ይተኩሳል?»

«አይተኩስም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ይቆማል።»

ልጆቹ በሐዘኔታ አይተውኝ ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። የአዋቂዎቹ ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። «ይሸጣል?» ይላሉ። አይሸጥም ስላቸው ወደ ባለቤቴ ዞር ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሥራ ግን ይሄዳል አይደል?» ብለው ይጠይቋታል።

የሙያው የተለመደ ልኬት 1 ለ35 ነው። አንድ ሜትር ሰባ አምስት የሆነ ሰው አምስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ለምን 30 ወይም 40 አልሆነም ብዬ ስመረምር የጠበቅሁት አንድ የጦር አካዳሚ ጥናት፣ ቢያንስ አንድ የመሐንዲሶች ጉባኤ ነበር። ያገኘሁት ባትሪ ድንጋይ ነው። በጃፓን ሺዙኦካ ከተማ ታሚያ የሚባል ኩባንያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1946 ሲቋቋም ሥራው እንጨት ነበር፤ በኋላ ወደ ሞዴል ዞረ። በ1961 መጨረሻ ላይ ሞተር ያለው፣ ወለል ላይ የሚሄድ የጀርመን ፓንተር ታንክ አወጣ፤ ገበያውም ደራለት። ኩባንያውን ለብዙ ዘመን የመሩት ሹንሳኩ ታሚያ ሌሎች ታንኮችንም በዚያው መጠን መሥራት ሲፈልጉ ፓንተሩን ለኩት። ከእውነተኛው 35 ጊዜ ገደማ አንሶ ተገኘ። ያ መጠን መጀመሪያውኑ የተመረጠው ግን ሆዱ ሁለት ባትሪ ድንጋይ እንዲይዝ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጃፓኑም፣ ቻይናውም፣ ጣልያኑም፣ ቼኩም ታንክ ሲሠራ በ35 ያካፍላል። የተባበሩት መንግሥታት በስንት ጉባኤ ያጣውን ስምምነት ሁለት ባትሪ ድንጋይ አስገኘው። ዛሬ አብዛኛው ሞዴል ሞተር የለውም፤ ባትሪው ወጥቷል፣ ሕጉ ቀርቷል።

በ35 ማካፈል ቁጥሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የጀርመኑ ታይገር ታንክ 57 ቶን ይመዝናል። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም በ35 ስለሚካፈል ክብደቱ የሚካፈለው በ35 ሦስት ጊዜ፣ ማለትም በ42,875 ነው። የሚተርፈው 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አውሮፓን ያንቀጠቀጠው ብረት ሉካንዳ ቤት ሚዛን ላይ ቢወጣ ለአንድ ቤተሰብ የእሁድ ጥሬ ሥጋ አይበቃም።

የታይገር ነገር ከተነሳ አይቀር አንድ ልጨምር። ጀርመን በጦርነቱ ዘመን የሠራችው የመጀመሪያው ዓይነት ታይገር ወደ 1,350 ብቻ ነው። ዛሬ በራሱ ሞተር የሚንቀሳቀሰው በእንግሊዝ አገር በቦቪንግተን ሙዚየም ያለው፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ቱኒዝያ ላይ የተማረከው ቁጥር 131 ነው። በፕላስቲክ የተሠራው ግን ተቆጥሮ አያልቅም። በአንድ መካከለኛ የሞዴል ትርዒት ላይ የሚሰለፉትን ታይገሮች ብዛት እውነተኛውን ጦርነት አይቶ የተረፈ ወታደር ቢመለከት ልቡ ቀጥ ይላል። ሰው ያሸነፈውን ታንክ ትቶ የተሸነፈውን የሚሠራበት ምክንያት ሲጠየቅ መልሱ ዘወትር «መልኩ ያምራል» ነው። መልክ በትዳር ብቻ የሚያሳስት ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ በሉ። በቀኝ እጄ ወረንጦ አለ። በወረንጦው ጫፍ ላይ ያለችው የታንኩን አካፋ ከጎኑ ጋር የምታስር ቀለበት ነች፤ ከናስ የተሠራች፣ ከትንኝ ክንፍ የቀጠነች። እሷን በሱፐር ግሉ ጠብታ አስነክቶ ቦታዋ ላይ ማሳረፍ ትንፋሽ ይዞ የሚሠራ ሥራ ነው። ወረንጦውን ትንሽ ጠበቅ ሲያደርጉት ግን ቀለበቷ «ጢን» ትልና ትበራለች። የት እንደምትበር ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። ቤተሰቡ በሙሉ ተንበርክኮ ምንጣፉን ይዳብሳል። ደጅ ቆሞ በመስኮት ያየን ሰው የማታ ጸሎት ላይ ነን ብሎ ያከብረናል። የምንፈልገው የአካፋ ማሰሪያ እንደሆነ፣ አካፋውም ከክብሪት እንጨት እንደሚያንስ ቢያውቅ ግን ፖሊስ ሳይጠራ አይቀርም።

ቀለበቷ ብትገኝም ባትገኝም ቀጥሎ ቀለም ነው። የቀለም ነገር ከተነሳ የሞዴል ሠሪዎች ማኅበር ለሁለት ይከፈላል። ጀርመኖች በየካቲት 1943 እ.ኤ.አ. ታንኮቻቸውን ጥቁር ቢጫ በሚሉት ቀለም መቀባት ጀመሩ። ቀለሙ ወደ ጦር ግንባር የሚሄደው በድቡልቡል ቆርቆሮ፣ እንደ ሊጥ ወፍሮ ነበር። እዚያ ያለው ወታደር በቤንዚን አገኘ በቤንዚን፣ በውኃ አገኘ በውኃ ያቀጥነዋል፤ በርጭት አገኘ በርጭት፣ ካጣም በመጥረጊያ ይቀባዋል። ስለዚህ አንዱ ታንክ ቡና በወተት፣ ሌላው የደረቀ ሰናፍጭ፣ ሦስተኛው የደብረ ዘይት መንገድ አቧራ ሆኖ ይወጣል። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ግን ሁለት ጎልማሶች «ትክክለኛው የኔ ነው» እየተባባሉ ሰላምታ ይነፋፈጋሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው ብሎ ለማስታረቅ የገባ ሽማግሌ ከሁለቱም ወገን ይወገዛል።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ማርጀቱ ይጀመራል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የቤልጅጉ ፍራንስዋ ፈርሊንደን ያስፋፋው ዘዴ እስካሁን ያገለግላል። ጥቁር ቡናማ ቀለም በአኳራጅ ቀጥኖ በየስንጥቁ እንዲፈስ ይደረጋል፤ ከዚያ ከሞላ ጎደል በደረቀ ብሩሽ የታንኩ ጠርዝና የብሎን ጭንቅላት ይዳሰስና ይነጣል። የዛሬ ጊዜ ሰዎች ደግሞ የፀጉር ስፕሬይ ጨምረውበታል። መጀመሪያ ታንኩ የዝገት ቀለም ይቀባል፤ በላዩ ስፕሬይ ይረጫል፤ በስፕሬዩ ላይ አረንጓዴው ወይም ቢጫው ይቀባል። ሲደርቅ በውኃ የራሰ ብሩሽ ይታሻል። ስፕሬዩ ከሥር ይሟሟና የላዩ ቀለም እየተፈረከሰ ይነሳል፤ ከሥሩ ዝገቱ ብቅ ይላል። ድንቅ ዘዴ ነው። ችግሩ ስፕሬዩ የባለቤቴ መሆኑ ነው።

አንድ ቅዳሜ ለሠርግ ስንዘጋጅ ጣሳውን ብትነቀንቀው ባዶ ሆነ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ማን ጨረሰው?»

«የሩስያ ጦር።»

ሠርጉ ላይ ፀጉሯ በሻሽ ተሸፍኖ ስለዋለ ሰው ሁሉ «እንዴት ጨዋ ሆናለች» ብሎ አደነቃት። ለዚህ ግን እስካሁን አላመሰገነችኝም።

የማጀቱ ዘረፋ በስፕሬይ አያበቃም። የዲዮራማ መሬት የሚሠራው ከምን መሰላችሁ? በሱቅ የሚሸጥ የተዘጋጀ አፈር አለ፤ ዋጋው ግን ለቦሌ መሬት የሚከፈል ይመስላል። የቡና አተላ ግን በየቤታችን በነጻ ይገኛል። ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ ጀበናው ወደኔ ይመጣል። አተላውን በሰፊ ትሪ ላይ አስጥቼ በደንብ አደርቀዋለሁ፤ ርጥበት ከቀረው ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታ ደግሞ በ1 ለ35 ሲታይ ጫካ ነው። ከደረቀ በኋላ በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ላይ ሲነሰነስ የታረሰ የዩክሬን ጥቁር አፈር ይሆናል። ተፈልቶ የደረቀ ሻይ ቅጠል ዛፍ ሥር የረገፈ ቅጠል ነው። ከመጥረጊያ የተመዘዘ ጭራ የወንዝ ዳር ሸምበቆ ነው። የወይን ጠርሙስ አንገት ላይ የሚጠቀለለው ቀጭን ቆርቆሮ ተቆርጦ የወታደር ቀበቶ ይሆናል፤ ወይኑን መጠጣት ግዴታ የሚሆንበት ብቸኛው ሙያ ይሄ ነው። የዝገት ዱቄቴ ደግሞ በትንንሽ ብልቃጥ ተደርድሯል። አንዲት ዘመዳችን አንዱን ከፍታ፣ አሽትታ፣ «ይሄ በርበሬ ቅመም አንሶታል» ብላ ከድናዋለች።

ጉድ ያለው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ታንኩ አልቆ፣ መሬቱ ደርቆ፣ ምን ታሪክ ይነገርበት የሚለው ይመጣል። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ውጊያ ነው። ታንኩ ይተኩሳል፣ ከጥጥ የተሠራ ጭስ ይወጣል፣ ወታደሩ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አፉን ከፍቶ ይጮኻል። ችግሩ ጩኸቱ አለመሰማቱ ነው። ከፍቶት የቀረው አፍ በሁለተኛው ሳምንት ማዛጋት ይመስላል። ይህን ለብዙዎች ግልጽ ያደረገው የቺካጎው ሼፐርድ ፔይን ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሞኖግራም የተባለው ኩባንያ እሱ የሠራቸውን ዲዮራማዎች እያሳየ አሠራራቸውን የሚያስረዳ ወረቀት ከታንኩ ጋር በካርቶን ውስጥ ይጨምር ነበር። በ1980 ደግሞ ስለ ዲዮራማ አሠራር የጻፈው መጽሐፍ ወጣ፤ ለሙያው ሰዎች እስካሁን እንደ ዳዊት የሚደገም ነው። ፔይን ያሳየው ዲዮራማ ታሪክ መናገር እንዳለበት ነው፤ ታሪክ ደግሞ የሚገኘው ሰው ላይ ነው።

ሰው ደግሞ በጦር ሜዳም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ምንድን ነው? ይጠብቃል። ይበላል። ጫማውን ያወልቃል። ጢሙን ይላጫል። የታንኩ ሰንሰለት ተበጥሶበት እየተራገመ ይጠግናል። ልብሱን አጥቦ አፈሙዙ ላይ ያሰጣል። እየቆየ ሲሄድ ሞዴል ሠሪ ሁሉ ከተኩስ ወደዚህ ይሰደዳል። ጦርነት ሊሠራ የወጣ ሰው ሳያውቀው ድስት እየሠራ ራሱን ያገኘዋል። ዳቦ ይቆርጣል፣ ባልዲ ያንጠለጥላል፣ ዶሮ ያስራል፣ የሽቦ አጥር ላይ ድመት ያወጣል። ከታንኩ ይልቅ ለባልዲው ይጨነቃል።

እኔም ባለፈው ክረምት የሠራሁት የታይገር ዲዮራማ ላይ ከሁሉ የደከምሁት ለልብስ ነው። ቀጭን ሶፍት በሸሚዝ ቅርጽ ይቆረጣል፤ በቀጠነ ኮላ ይነከራል፤ ከስልክ ሽቦ ውስጥ በተመዘዘ ክር ላይ በወረንጦ ይንጠለጠላል። ኮላው ሳይደርቅ እጅጌውን ወደ ታች ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ውኃ ያዘለ ልብስ ክብደቱ ካልታየ ወረቀትነቱ ይታወቅበታል። ሸሚዙ በአንገቱ ሳይሆን በጫፉ መሰቀል አለበት። መቆንጠጫው ከፕላስቲክ ስንጣሪ ይሠራል። ይህን ሁሉ ስሠራ ባለቤቴ የታጠበ ልብስ የሞላበት ቅርጫት ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆማ ስታየኝ ኖራለች።

«የጀርመኑን ወታደር ልብስ አሰጣህለት?»

«አዎ፣ እያለቀ ነው።»

«ጥሩ። የራስህ ካልሲ ማድረቂያው ውስጥ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እሱንም ማርከው።»

እውነቷን ነው፤ ግን ካልሲው 1 ለ1 ስለሆነ ተሰጥዖዬ አይደርስበትም።

ያ ዲዮራማ ውድድር ገብቷል። የሞዴል ውድድር ዳኞች የሚያስፈሩ ሰዎች ናቸው። የእጅ ባትሪ ይይዛሉ። ባትሪውን አብርተው ታንኩ ሆድ ሥር ይመለከታሉ፤ ሰንሰለቱ ሁሉም ቦታ መሬት መንካቱን፣ ጎማዎቹ አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን፣ የመጋጠሚያው ስንጥቅ በስቱኮ መደፈኑን ይመረምራሉ። በ1943 መጨረሻና በ1944 ጀርመኖች ማግኔት ያለው ፈንጂ እንዳይለጠፍባቸው ታንኮቻቸውን በተሸረከተ ልስን ይለስኑ ነበር። በመስከረም 1944 እ.ኤ.አ. ተዉት። ስለዚህ ታንኩ ከዚያ በኋላ የተሠራ ከሆነና ልስን ካለው ዳኛው ራሱን ይነቀንቃል። ልስን ሳይኖረው ሲቀር ደግሞ ሌላኛው ዳኛ ራሱን ይነቀንቃል። የኔ ላይ ሁለቱም በየተራ ነቀነቁ። ልብሱን ግን ማንም በባትሪ አላየውም።

ልብሱን ያየችው እማዬ ነች። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ፣ ገና ሻንጣዋ ሳይፈታ ሳሎን ውስጥ የመስታወቱ ሣጥን ፊት ቆመች። ቆማ ዝም አለች። እማዬና ታንክ ትውውቅ አላቸው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ታንክ ከተማ ሲገባ ቤት ውስጥ ነበረች። ስለዚያ ቀን ስትጠየቅ ስለ መንግሥት አታወራም፤ የምታወራው ስለ ሲኒ ነው። ታንኮቹ ሲያልፉ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች እርስ በርስ ተንጫጩ፤ አንዱ ወድቆ ጆሮው ተሰበረ፤ እናቷ የሰጠቻት ነበር።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ስንት ሰው ሸሽቶት የመጣውን አንተ በገንዘብህ ገዝተህ ቤት አስገባኸው?»

«መጫወቻ ነው እማዬ።»

«አየሁት። አቧራው ደኅና ነው።» መነጽሯን አደረገች። እኔ የታይገሩን መድፍ፣ የልስኑን መስመር፣ የዝገቱን ድርብርብ ላሳያት ስል እሷ በጣቷ ወደ ሌላ ቦታ ጠቆመች። «ይሄ ልጅ ድስቱን በምን ላይ ነው የጣደው?»

አየሁት። ወታደሩ ድስት ይዞ ተቀምጧል፤ ድስቱ ሾርባ አለው፤ ማንኪያም አለ። ጉልቻ ግን የለም።

«ልብሱ የሚደርቀው በደመና ነው?» ቀጠለች። «ፀሐዩ ከዚህ ከሆነ ጥላው ለምን ወዲያ ሆነ? ይሄ ልብስ ነገም አይደርቅም።»

«ጥላ አልሠራሁም እኮ፣ የሳሎኑ መብራት ነው።»

«እሺ። የቤቱስ ባለቤቶች የት ሄዱ?»

ዲዮራማው ላይ አንድ ግድግዳው የፈረሰ የመንደር ቤት አለ። ጡቡን አንድ በአንድ ነው የሠራሁት። የጡቡ መጠን፣ የመስኮቱ ዓይነት፣ የግድግዳው ቀለም ልክ እንዲሆን ስንት ፎቶ አገላብጫለሁ። ስለ ሰዎቹ ግን የሚጠይቅ ዳኛ አጋጥሞኝ አያውቅም። የፈረሰ ቤት በሞዴል ሠሪ ዓይን የታንኩ ዳራ ነው፤ ጡቡ ቢጫውን ታንክ ያጎላዋል፣ ያ ነው ሥራው። እማዬ ግን ቤት ካየች የምትጠይቀው ስለ ሰው ነው። «ሸሽተው ነው» አልኳት። «ሸሽተውማ ነው» አለች፣ «ግን ሴትዮዋ ስትሸሽ መሶቧን ይዛ ነው የወጣችው ወይስ ጥላው?»

መልስ አልነበረኝም። እሷ ስትተኛ ግን ወረድኩና ጉልቻ ሠራሁ።

ከዚያ ወዲህ ምድር ቤቱ ሁለት ሠራተኛ አለው። የሚቀጥለውንም ዲዮራማ የመረጥነው አብረን ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ወደ አገራችን ይዞት የመጣ ኤል 3 የሚባል ትንሽ ታንክ አለ። ብሮንኮ የተባለ ኩባንያ በ1 ለ35 ሠርቶታል። ሁለት ሰው ይይዛል፤ ክብደቱ ከሦስት ቶን ብዙ አያልፍም፤ ከፍታው አንድ ሜትር ከሠላሳ ገደማ ነው። የሚዞር ማማ የለውም፤ መትረየሶቹ የሚያዩት ወደ ፊት ብቻ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ ደምበጊና መተላለፊያ ላይ ሲገጥመው ሰዎቻችን ይህን ጉድለት ለማወቅ የታንክ ትምህርት ቤት አላስፈለጋቸውም። ከጎንና ከኋላ እየተጠጉ መድረሻ አሳጡት።

ታንኩን ገጣጥሜ፣ ከሠራሁት አርበኛ አጠገብ ሳቆመው ሒሳቡ ራሱ ቀልድ ሆኖ ቀረበ። ታንኩ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከሰባት ነው፤ አርበኛው አምስት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሰውየው ታንኩን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየው። እማዬ ይህን ስታይ ሳቀች። «ይሄንን ነው እንዴ ያሉን? በግን ገፍትሮ በረት የሚያስገባ ልጅ ይበቃዋል» አለች። እኔ ግን ላስታውሳት ሞከርኩ፤ ትንሽ ቢሆንም መትረየስ አለው፤ ከፊቱ የቆመ አልተረፈም። ቁመቱ ሳይሆን የት በኩል እንደቆምክ ነው የሚወስነው።

ኩታውን የምሠራው በሶፍትና በኮላ ነው። ለልብስ ማስጫ የተማርኩት ሙያ እዚህ ዋለልኝ። የመጀመሪያው አርበኛ ኩታው ከትከሻው ወርዶ፣ እየተንዘረፈፈ፣ ለሥዕል የሚያምር ሆኖ ወጣ። እማዬ ተቃወመች።

«ይሄ ሰውዬ ወደ ሠርግ ነው ወይስ ወደ ጦርነት? ሊዋጋ የሄደ ሰው ወገቡን ታጥቆ ያስራል። በዚህ ኩታ ታንክ ላይ ሊወጣ ቢል ተጠልፎ ይወድቅና ጣልያን ይስቅበታል።»

ሶፍቱን ቀድጄ እንደገና ሠራሁት። አሁን ወገቡን የታጠቀ ነው። ለታንኩ ዝገት አልሠራንለትም፤ ከጣልያን በመርከብ ከመጣ ብዙ አልቆየምና። አቧራ ግን ሠራንለት። ለአቧራው ቀለም ዱቄቶቹን ስናቀላቅል የእማዬ ፍርድ የመጨረሻ ነው፤ የትግራይን መንገድ በእግሯም በአውቶብስም ታውቀዋለች። ቢጫ ስጨምር «ይሄ የሌላ አገር ነው» ትለኛለች፤ ቀይ ስጨምር «ይሄ ደግሞ ወደ ወለጋ ሄደ» ትለኛለች።

ዲዮራማው ሊያልቅ ሲቃረብ አዲስ ትእዛዝ መጣ። ከመተላለፊያው በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ቤት ይጨመር አለች። የሣር ክዳን፣ አጥር፣ ጎተራ፣ ደጃፉ ላይ ጉልቻ። ቤቱም ውስጥ ሰው ይኑር። «ጦርነቱ የሚካሄደው ሰው አገር ነው» አለች፤ «ሰው ከሌለበት ማን ላይ ሊመጡ ነበር?» እኔም ጎተራውን ስጎነጉን፣ ከመጥረጊያ ጭራ ክዳን ስከድን ከታንኩ የወሰደብኝን ጊዜ እጥፍ ወሰደብኝ። ባለቤቴም ገባችበት፤ የጀበናውን አንገት ያስረዘመችው እሷ ነች፤ «ይሄ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው» ብላ አፈረሰችብኝ። ቤቱ እየሰፋ ሲመጣ የሠሌዳው ቦታ አለቀ። ታንኩ ወደ ዳር ተገፋ፤ ከዳር ወደ ጥግ ተገፋ፤ በመጨረሻ ጎተራው ጀርባ ከመቆም ሌላ ቦታ አልተገኘለትም።

«እማዬ፣ ይሄ የታንክ ውድድር ነው እኮ። ታንኩ ካልታየ ምን እላቸዋለሁ?»

«ባትሪ ይዘው አይደል የሚመጡት?» አለች፤ «ይፈልጉት።»